ክርክር፦ ፋንታሲ ልብ ወለድን በሽፋኑና «እኔ» በሚል ተራኪው መመዘን ይገባል?

አቅራቢዋ (ሐዋሳ)፦ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ተሰብስበን ለንባብ ቡድናችን መጽሐፍ ስንመርጥ ሁለት ፋንታሲ ልብ ወለዶች፣ ማለትም አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለባቸው ታሪኮች፣ ወደቁ። አንዱ ሽፋኑ ላይ ሰይፍ የመዘዘ ፈረሰኛና ዘንዶ ስላለበት ሳይገለጥ ቀረ። ሌላው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተራኪው «እኔ» ስላለ ብቻ ተዘጋ። እኔ ሁለቱም ፍርደ ገምድልነት ነው እላለሁ።

መጽሐፍ አከራዩ፦ እህቴ፣ ፍርዱን አታክብጂው። ደንበኛዬ ቆሞ ሃምሳ ገጽ የሚያነብበት ጊዜ የለውም። ዘንዶ የተሣለበት መጽሐፍ ዘንዶ የሚወድ ሰው እንዲያነሣው ተብሎ የወጣ ነው። ከየትም የተለቀመ ሥዕል የተለጠፈበት መጽሐፍ ሲያጋጥመኝ ደግሞ፣ ለሽፋኑ ያልተጨነቀ አሳታሚ ለአርትኦቱም አልተጨነቀም ብዬ እጠረጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

ሠዓሊው፦ ወንድሜ፣ ሽፋኑን ደራሲው የሚወስን ይመስልሃል? እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣውን የ«ሆቢት» ሽፋን ራሱ ሥሏል፤ ይህ ዕድል ግን ለጥቂቶች ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው የ«ኧርዝሲ» መጽሐፍ ጠንቋዩን ጌድን ቀይ ዳማ አድርጋ ጽፋዋለች፤ ሽፋኖቹ ግን ለዓመታት ነጭ ሲያደርጉት ኖረዋል። እርሷም በግልጽ ተቃውማለች። በዚያ ሽፋን የፈረደ ሰው የሻጮቹን ስጋት እንጂ የእርሷን ሥራ አልመዘነም።

መምህሩ፦ የሽፋኑን ነገር ተቀብያለሁ፤ «እኔ» በሚለው ተራኪ ግን አልስማማም። ፋንታሲ አዲስ ዓለም ያቆማል። ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚዶለተውንም ድንበር ላይ የሚሰፍረውን ጦርም አንድ ሰው ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ደራሲው ተራኪውን በር ሥር አቁሞ ያስደምጠዋል፣ ወይም የሰው ደብዳቤ መንገድ ላይ ወድቆ ያገኛል። በዚያ ላይ ታሪኩን እየነገረን ያለ ሰው እንደማይሞት ከመጀመሪያው እናውቃለን። ለዚህ ዓይነት ታሪክ ሁሉን አወቅ አንጻር፣ ማለትም ከታሪኩ ውጭ ቆሞ የሁሉንም ሐሳብና ሥራ የሚያውቅ ተራኪ፣ ይሻላል።

አንዲት አንባቢ፦ እኔን የሚያስመርረኝ በአሥራ አምስት ዓመቱ እንደ ሽማግሌ የሚተርክ ልጅ ነው። ድምፁ ዕድሜውን ካልመሰለ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ።

አቅራቢዋ፦ መምህር፣ በር ሥር ስለሚቆመው ተራኪ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔንም ያሰለቸኛል። መትረፉን ማወቃችን ታሪኩን ይገድለዋል በሚለው ግን አልስማማም። ፎካሪ «ዘራፍ» ብሎ ሲነሣ ከጦርነቱ በሕይወት መመለሱን በዓይናችን እያየነው ነው፤ ሆኖም ጸጉራችን ይቆማል። የምንጠብቀው ምን እንዳየና ምን ከፍሎ እንደተመለሰ ነው። «ኦሮማይ»ም ቢሆን ፋንታሲ ባይሆንም፣ ያን ሁሉ ዘመቻ በአንድ ጋዜጠኛ በጸጋዬ ኃይለ ማርያም አንደበት ነው የሚነግረን፤ ዓለሙ ጠበበብን ያለ አንባቢ አላጋጠመኝም።

ፋንታሲ ደግሞ ይህን አንጻር ከሌላው ይበልጥ ይፈልገዋል። የጠንቋይ ተለማማጅ የመጀመሪያውን እሳት ሊያስነሣ ሲሞክር፣ ሁሉን አወቁ ተራኪ የአስማቱን ሕግ በሁለት አንቀጽ ያስረዳናል። «እኔ» ባዩ ሕጉን አያውቀውም። ጥፍሩ ሥር ያለው ሥጋ መጋሉን፣ ምላሱ ላይ የብረት ጣዕም መምጣቱን፣ መምህሩ ወደኋላ አንድ እርምጃ መሸሹን ይነግረናል። አስማቱን የማምነው ያኔ ነው። ድምፁ ከከሸፈ ይጣል፤ ግን ተነቦ ይጣል።

መጽሐፍ አከራዩ፦ ሽፋን አይቼ መምረጤን አልተውም። ሁለቱን መጻሕፍት ግን ለቅዳሜ በጋዜጣ ለብጬ አመጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ድምፅ አውጥተን እናንብብና ድምፅ እንስጥ። ኪራይ አልጠይቅም።

መምህሩ፦ እመጣለሁ። ተራኪው በር ሥር ቆሞ ካደመጠ ግን ድምፄን አልሰጥም።