«ፕሌይ» ሲጫን የትኛው አፕ ይነሣ? ስልኩ ይወስን ወይስ ባለቤቱ?

መነሻ ጥያቄ
የጆሮ ማዳመጫውን ወይም የመኪናውን «ፕሌይ» ስንጫን የትኛው አፕ እንደሚነሣ፣ ስክሪኑ ሲጠፋ ደግሞ የትኛው እንደሚቀጥልና የትኛው እንደሚዘጋ የሚወስነው ስልኩ ነው። ሥልጣኑ በስልኩ እጅ ይቆይ ወይስ ባለቤቱ አንዴ መርጦ የሚያጸናው ይሁን? አቋማችሁን ከነምክንያቱና ከነማስተካከያው አስቀምጡ። «እኔ የምጠቀምበት አፕ ይበልጣል» ማለት ብቻውን ክርክር አይሆንም።

ኮድ ጸሐፊ
ስልኩ ይወስን ባይ ነኝ። አንድሮይድ 5.0 እ.ኤ.አ. በ2014 «ሜዲያ ሴሽን» የሚባለውን አሠራር እስኪያመጣ ድረስ ቁልፍ ሲጫን ትእዛዙን ለመቀበል አፖች ይሻሙ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ማጫወቻ «ይህን እያጫወትኩ ነው፣ እነዚህን ትእዛዞች እቀበላለሁ» ብሎ ሲስተሙ ዘንድ ይመዘገባል። ከአንድሮይድ 8.0 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ ደንቡ አንድ ነው፤ ትእዛዙ የሚሄደው ሴሽን ካላቸው አፖች መካከል በስልኩ ላይ መጨረሻ ድምፅ ላሰማው ነው። ያ አፕ ተዘግቶ ቢሆን እንኳ የቁልፍ ትእዛዝ የሚቀበል ክፍል ካለው ሲስተሙ ቀስቅሶ ያስነሣዋል።

ባለቤቱ «ቋሚ ማጫወቻዬ ይህ ነው» ብሎ ቢያጸናስ? ትረካ እየሰማ በጆሮ ማዳመጫው ያቆማል፣ ሰው ያናግራል፣ መልሶ ይጫናል፤ የሚነሣው ትረካው ሳይሆን ቋሚ የተባለው የዘፈን ማጫወቻ ይሆናል። ይህን የሚፈልግ ማን አለ? የድምፅ መደራረቡም እንዲሁ ነው። ካርታው «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ሲል ዘፈኑ ዝቅ የሚለው፣ ስልክ ሲደወል የሚቆመው መሀል ላይ ዳኛ ስላለ ነው። አንድሮይድ 12 ላይማ ሲስተሙ ራሱ የቀደመውን አፕ ድምፅ ቀስ አድርጎ ማጥፋት ጀምሯል፤ የዳኛውን ፊሽካ የማይሰሙ አፖች ስለበዙ።

የጥገና ወንበር
ወንድሜ፣ ደንቡ ወረቀት ላይ ያምራል። ግን «መጨረሻ ድምፅ ያሰማው» የሚለው ሁሉንም ድምፅ እኩል ያያል። ሰው መዝሙር ሲሰማ ቆይቶ ያቆማል፤ አንድ አጭር ቪዲዮ ያያል፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቁልፉን ይጫናል። ቁልፉ አሁን የቪዲዮው አፕ ሆኗል። አፑ ስክሪን ሲጠፋ መሥራት የማይችል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። «ጆሮ ማዳመጫዬ ተበላሸ» ተብሎ ለጥገና ከሚመጣው ውስጥ ይህ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። ሥልጣኑ በስልኩ እጅ ነው ስንል በአንድሮይድ እጅ ብቻ አይደለም፤ በአምራቹም እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ አዘጋጆች አፓቸው በወቅቱ አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች ላይ ከፕሌይ ስቶር እንዳይጫን አግደው ነበር። የስልኮቹ ባትሪ ቆጣቢ ከኋላ የሚጫወተውን ድምፅ ይገድል ነበር፤ ተጠቃሚው ግን አንድ ኮከብ የሚሰጠው ለቪኤልሲ ነበር። በነፃ የሚሰጥ ማጫወቻ የራሱን ተጠቃሚ እስከ መከልከል ከደረሰ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ማስተካከያው በየስልኩ ይለያያል፣ ሰውም የሚደናገረው ለዚህ ነው። ብዙ ያልተነካካ አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የአፑን ምስል ተጭናችሁ ቆዩ፤ «አፕ ኢንፎ»፣ ቀጥሎ «ባትሪ»፣ ቀጥሎ «አንሪስትሪክትድ»። ሳምሰንግ ላይ በተጨማሪ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ፣ «ባክግራውንድ ዩሴጅ ሊሚትስ» ገብታችሁ እንዳይተኙ የተባሉት አፖች ዝርዝር ላይ አስገቡት። ሻኦሚ ላይ ሦስት ቦታ ነው፤ «ኦቶስታርት» ይብራ፣ የአፑ ባትሪ ቆጣቢ «ኖ ሪስትሪክሽንስ» ይሁን፣ ከዚያ የቅርብ አፖች ገጽ ላይ አፑን ተጭናችሁ የቁልፍ ምልክቱን ንኩ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ የኦቶስታርት ፈቃዱ ያለው «ፎን ማስተር» ውስጥ ነው። እዚያው ያለውን ማጽጃ በየሰዓቱ የሚጫን ሰው የፈቀደውን አፕ በገዛ እጁ እየዘጋ መሆኑን ይወቅ።

ቁጠባ ይቅደም
አምራቹ ቁጥጥሩን ያለ ምክንያት አላጠበቀም። ሁለትና ሦስት ጊጋ ራም ያለው ስልክ ሁሉንም አፕ ይዞ መቆየት አይችልም። ማጫወቻ ነኝ ብሎ ፈቃድ የሚወስድ ሁሉም ማጫወቻ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ማስታወቂያ የሚያወርድ፣ ዳታ የሚስብ ሞልቷል። መብራት ሲሄድ ስልኩ እስከ ማታ መድረሱ ከዘፈን ይቀድማል። ጥብቅነቱ እንዳለ ይቆይ፤ ባለቤቱ አንድ አፕ፣ ቢበዛ ሁለት ነፃ ያውጣ። ከዚያ በላይ ከሄደ ቁጠባው ቀረ ማለት ነው።

የጥገና ወንበር
ቁጠባውን አልጠላሁም፤ የሚቆጥበው የተሳሳተውን ነው። ሒሳቡን እንየው። 128 ኪሎቢት በሰከንድ የሆነ ድምፅ በኢንተርኔት ለአንድ ሰዓት ቢሰማ 57.6 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በ64 ከሆነ 28.8፣ በ320 ከሆነ 144። ሜሞሪ ካርድ ላይ ያለ ፋይል ደግሞ ስክሪን ጠፍቶ ሲጫወት ኔትወርክም ብርሃንም አይፈልግ፤ ስልክ ከሚሠራቸው ሥራዎች ቀላሉ ነው ማለት ይቻላል። ባትሪና ዳታ የሚጠጣው ድምፁን ብቻ ለመስማት ቪዲዮ ከፍቶ ስክሪኑን አብርቶ መተው ነው። ቆጣቢው የቱን ይነካል? ቪዲዮው ፊት ለፊት ስላለ ያልፈዋል፤ ስክሪን ጠፍቶ የሚጫወተውን ምስኪን ማጫወቻ ይዘጋል።

ኮድ ጸሐፊ
በዚህ ላይ አልከራከርህም፤ እንዲያውም አምራቹ ማመካኛ የለውም። ከ2023ቱ አንድሮይድ 14 ጀምሮ ለዚህ ስሪት የተሠራ አፕ ከኋላ የሚያስኬደው ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ «ሜዲያ ማጫወት» ራሱን የቻለ ዓይነት ነው። ሲስተሙ ማጫወቻውን ከሌላው ለይቶ ያውቀዋል ማለት ነው።

ሆኖም የአፕ ሠሪዎችም ድርሻ ይነገር። ብዙ ማጫወቻ ባለቤቱ ሲያቆመው ከኋላ የመቆየት መብቱን ይለቃል፤ ይህ ትክክል ነው። ስሕተቱ የቆመበትን ደቂቃ ሳይመዘግብ መልቀቁ ነው። ሲስተሙ በኋላ ሲዘጋው የሁለት ሰዓት ትረካ ከዜሮ ይጀምራል፣ ሰውም ስልኩን ይረግማል። አፕ ስትመርጡ እንዲህ ፈትኑት፤ ረጅም ፋይል አጫውታችሁ መሀል ላይ አቁሙ፣ «አፕ ኢንፎ» ገብታችሁ «ፎርስ ስቶፕ» በሉት፣ መልሳችሁ ክፈቱት። ካቆማችሁበት ካልቀጠለ ለስብከትም ለትረካም አይሆንም፤ ለሦስት ደቂቃ ዘፈን ብቻ ነው የተሠራው።

ድምፅ ሰብሳቢ
ሁላችሁም የዘነጋችሁት ነገር አለ። ብዙ ሰው ማጫወቻ አልመረጠም፤ ቴሌግራም ላይ የመጣለትን እዚያው ይሰማል። ያ ፋይል የተቀመጠው የአፑ ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ነው። «ክሊር ካሽ» ሲባል ወይም በራሱ እንዲያጸዳ የተቀመጠው ጊዜ ሲደርስ ይጠፋል፤ ቻናሉ ከተዘጋ ደግሞ መልሶ የሚወርድበት የለም። መዝሙሩ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ሴቭ ቱ ሚውዚክ» በሉት፤ ያን ጊዜ ስልኩ ላይ ያለ ማንኛውም ማጫወቻ ያየዋል። ፋይሉ በእጅህ ሳይሆን የትኛው አፕ ያጫውተው ብሎ መከራከር ከብቱ ሳይኖር በጋጣው መጣላት ነው። ፋይሉ ከተያዘ በኋላ እንደ ሙዚኮሌት ያለ የኢንተርኔት ፈቃድ ጭራሽ የማይጠይቅ ማጫወቻ አለ፤ ማስታወቂያ ያወርዳል ለሚለው ስጋት መልሱ ይኸው።

የአማርኛ ስም ላለው ፋይል ምርጫው የበለጠ ይከብዳል። ኤምፒ3 ውስጥ ስም የሚጻፍበት አሮጌው መለያ፣ አይዲ3 ስሪት 1፣ ለርእሱ 30 ባይት ብቻ ይሰጣል፤ የታሰበውም ለላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ሲገባበት «????» የሚሆነው ለዚህ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኤምፒ3ታግ በሚባለው ፕሮግራም ስሪት 1ን አጥፍታችሁ ስሪት 2.3ን የግዕዝን ፊደል በሚይዘው ኮድ፣ በዩቲኤፍ-16፣ ጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ በትክክል ይነበባል። ፍለጋው ሌላ ጣጣ አለው፤ «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፣ «ጸሎት» እና «ፀሎት»ም እንዲሁ። ለማጫወቻው እነዚህ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ስትሰይሙ በአንድ አጻጻፍ ጽኑ። ተከታታይ ክፍሎችን ደግሞ 01፣ 02 እያላችሁ ቁጠሩ፤ አለዚያ በአንዳንዱ ማጫወቻ ከ1 ቀጥሎ የሚመጣው 10 ነው።

በጣት የሚያነብ
ስክሪን ሳያዩ ስልክ የሚጠቀሙ ሰዎች ጉዳይ አልተነሣም። ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው የአንድሮይድ «ቶክባክ» በርቶ በሁለት ጣት ስክሪኑን ሁለቴ መንካት የሚጫወተውን ያቆማል፣ የቆመውን ያስቀጥላል። አይፎን ላይም በ«ቮይስኦቨር» እንዲሁ ነው። ይህ ምልክት በየትኛውም አፕ አንድ ዓይነት የሆነው ሲስተሙ ስለሚመራው ነው። ስለዚህ ከኮድ ጸሐፊ ጋር ነኝ፤ ሥልጣኑ ለየአፑ ከተበተነ መጀመሪያ የሚጎዱት ማየት የተሳናቸው ናቸው።

ማጫወቻ ለሌላ ሰው የሚመርጥ ካለ ቶክባክን አብርቶ በአንድ ጣት ቁልፎቹን እየዞረ ያዳምጥ። «ፕሌይ»፣ «ቀጣይ» እያለ ካነበበ ጥሩ። «ስም የለሽ ቁልፍ» የሚል ዓይነት ከሆነ የድምፁ ጥራት የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርበት።

መሪ ላይ
አይፎን ያላችሁ ስልኩ ሲወስን ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ብዙ መኪኖች ስልኩ እንደተያያዘ «ፕሌይ» ይልካሉ፤ ክፍት ማጫወቻ ከሌለ የሚነሣው የአፕል የራሱ ነው፣ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ከመጀመሪያው ዘፈን። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሰው ወደ አሥር ደቂቃ የሚጠጋ ባዶ ጸጥታ በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ለሽያጭ አቀረበ፤ ስሙን በ«ኤ» ፊደል ድርድር የጀመረው ከሁሉ ቀድሞ እንዲነሣ ነው። አሽከርካሪው ሌላ ነገር እስኪመርጥ ዝም እንዲል ማለት ነው። የገዛው ሰው ብዛት የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባው። ሰው ዝምታ በገንዘብ የገዛው አንዲት ማጥፊያ ቁልፍ ስለተነፈገ ነው። ከ2021ዱ የአይፎን ሲስተም፣ አይኦኤስ 14.5፣ ጀምሮ የድምፅ ረዳቷ ሲሪ በየትኛው አፕ እንደምትሰሙ ትጠይቃለች፤ አፕል ግን ይህ ቋሚ ምርጫ እንዳልሆነ ተናግሯል።

መፍትሔው አይፎኑ ላይ ባለው «ሾርትከትስ» አፕ ውስጥ ነው። «ኦቶሜሽን»፣ «ብሉቱዝ»፣ መኪናውን ምረጡ፣ ሳይጠይቅ እንዲሠራ አድርጉት፣ ከዚያ መጀመሪያ አምስት ሰከንድ የሚጠብቅ ቀጥሎም «ፖዝ» የሚል ትእዛዝ ስጡት። መጠበቁ ግድ ነው፤ የመኪናው «ፕሌይ» የሚመጣው ከተያያዘ በኋላ ስለሆነ ቀድማችሁ ብታቆሙት መልሶ ያስነሣዋል። አንድሮይድ ላይ ብሉቱዝ ሴቲንግ ገብታችሁ የተጣመረው መኪና ጎን ያለውን ባለ ጥርስ ጎማ ምልክት ነክታችሁ «ሜዲያ ኦዲዮ»ን አጥፉ። ጥሪው ይሠራል፣ ዘፈኑ ግን በመኪናው ጭራሽ አይመጣም። ይሄ ደግሞ ለራስ ምታት ጭንቅላት መቁረጥ ነው፤ ሌላ ከሌለ ብቻ።

የጥገና ወንበር
ሁሉንም በአፕ አታሳብቡ፤ ባለ ገመድ ጆሮ ማዳመጫ ላይ ሌላ ምክንያት አለ። ቁልፎቹ የሚለዩት በኤሌክትሪክ መቋቋም ነው። አንድሮይድ ላይ የማጫወቻው ቁልፍ ከ70 ኦም በታች፣ ድምፅ መጨመሪያው 240 አካባቢ፣ መቀነሻው 470 አካባቢ ነው። ላብ ወይም እርጥብ አቧራ መሰኪያው ውስጥ ሲገባ በማይክሮፎኑና በመሬት መስመሩ መካከል ያልታሰበ መንገድ ይፈጥራል፤ ስልኩም ሰው የተጫነ ይመስለዋል። ዘፈን በራሱ ቆሞ በራሱ ሲነሣ፣ ድምፅ በራሱ ሲወርድ መጀመሪያ ሌላ ማዳመጫ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከቀረ ችግሩ ማዳመጫው ነው። ካልቀረ ስልኩን አጥፍታችሁ የጥርስ እንጨት ጫፍ ላይ ስስ ጥጥ ጠቅልሉ፣ አልኮል ነክራችሁ ጨምቁት፣ ቀዳዳውን ጥረጉና በደንብ ይድረቅ። ለአይፎን የተሠራ ማዳመጫ አንድሮይድ ላይ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ባይሠራ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ አሠራሩ ስለሚለያይ ነው።

ኮድ ጸሐፊ
ከአቋሜ አንድ ነገር አሻሽላለሁ። «መጨረሻ ድምፅ ያሰማው» የሚለው ደንብ ይቆይ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አፕ መረጃ ገጽ ላይ «ይህ አፕ የማጫወቻ ቁልፍ አይቀበል» የሚል አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑር። የአጭር ቪዲዮውን አፕ አንዴ ያጠፋዋል፣ ትረካው ባለበት ይመለሳል፣ የቶክባክ ምልክትም አይነካም። ቋሚ ማጫወቻ መሾም አያስፈልግም፤ የማይገባውን ማውጣት ይበቃል።

ቁጠባ ይቅደም
በቁልፉ እስማማለሁ። በባትሪው አልተስማማሁም፤ ገደብ የሌለው ፈቃድ ሲሰጥ ሰው ለአሥር አፕ ይሰጣል።

የጥገና ወንበር
ይስጥ። ስልኩ በየአፑ ስንት ፐርሰንት ባትሪ እንደበላ ሴቲንግ ውስጥ ያሳያል፤ አይቶ ይቀንሳል። ባለቤቱ የፈቀደውን አምራቹ ከአፕዴት በኋላ መልሶ እንዲከለክል ግን ፈጽሞ አልስማማም።