ዕቃውንም ገንዘቡንም የሚፈልግ ገዢ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

የቴምብር_እመቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ቴምብርና ፖስትካርድ ኢቤይ ላይ እሸጣለሁ። ዋና መተዳደሪያዬ አይደለም፣ ግን ቀልድም አይደለም። ሰሞኑን አንድ ገዢ ራስ ምታት ሆኖብኛል።

የሸጥኩለት ማኅተም ያላረፈባት የድሮ ቴምብር ናት። ጀርባዋ ላይ፣ አልበም ውስጥ የተለጠፈችበት ትንሽ ወረቀት ምልክት ጥሎባታል። ይሄን በማስታወቂያው ላይ በግልጽ ጽፌአለሁ፤ የጀርባዋን ፎቶም ለብቻው አስገብቻለሁ። ደረሰችው። ዝም ብሎ ከረመና አንድ ቀን ተነስቶ «ጀርባዋ ላይ ምልክት አለ፣ ሸወድሽኝ» ይለኛል። ማስታወቂያውን ጠቅሼ፣ ፎቶውን ደግሜ ልኬ ረጅም ማብራሪያ ጻፍኩለት። መልሱ ምን ሆነ? «ቴምብሯን አስቀራታለሁ፤ ግማሹን ገንዘብ መልሺልኝ፤ ያለዚያ መጥፎ ሪቪው ነው የምጽፍልሽ።»

ብሩ አይደለም የሚያናድደኝ፣ ድፍረቱ ነው። ግማሹን ሰጥቼ ልገላገል ወይስ ልሟገት? በዚህ ሥራ የቆያችሁ ሰዎች እንዲህ ያለውን እንዴት ነው የምትይዙት?

ሳንቲም_ለቃሚ፦

እህቴ፣ አትሟገቺ። ግማሹንም አትስጪ።

ሰውዬው ያስቸገረው ምልክቱ አይደለም። ምልክቱ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «ውሰጂልኝ» ነበር። ዕቃውን ይዞ ቅናሽ የሚጠይቅ ሰው ዕቃውን ወዶታል፣ ዋጋውን ነው ያልወደደው። ስለዚህ ስለ ምልክቱ ባስረዳሽው ቁጥር እሱ የማይፈልገውን መልስ እየሰጠሽው ነው፤ በዚያ ላይ ከምትጽፊው ውስጥ አንድ ቃል መዝዞ ይይዝብሻል።

የምትጽፊለት ይህችን ብቻ ነው፦ «ቴምብሯ ስላላስደሰተችዎ አዝናለሁ። በደረሰችዎ ሁኔታ ይመልሱልኝ፤ እጄ እንደገባች የከፈሉትን ሙሉ ገንዘብ እመልሳለሁ።» አለቀ። ስለ ማስታወቂያው የለም፣ ስለ ፎቶው የለም፣ «እኔ ሐቀኛ ሻጭ ነኝ» የለም። ያንን ሁሉ፣ ጉዳዩ ኢቤይ ዘንድ ከደረሰ ለሚያየው ሰው አቆዪው። እኔ ካየኋቸው ዕቃ ይዞ ቅናሽ ጠያቂዎች ብዙዎቹ እዚህች ላይ ድምፃቸው ይጠፋል፤ መመለስ እኮ አይፈልጉም!

ዛቻውን በተመለከተ፣ ኢቤይ ላይ በሪቪው አስፈራርቶ በሽያጩ ያልነበረ ነገር መጠየቅ ክልክል ነው። ሰውዬው በጽሑፍ አስፍሮልሻል፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሪፖርት አድርጊው። ደግሞ ከኢቤይ የመልእክት ሳጥን ንቅንቅ እንዳትዪ። «ቴሌግራም ላይ እናውራ» ካለሽ መልሱን እዚያው ኢቤይ ላይ ስጪው። ውጪ የተባለውን ማንም አያይልሽም።

ጉዳዩን በይፋ ከከፈተብሽ ግን ዝም ማለት የለም። «ዕቃው እንደተገለጸው አይደለም» ብሎ ለመክፈት ከደረሰው በኋላ 30 ቀን አለው። አንቺ ደግሞ መልስ ለመስጠት 3 የሥራ ቀን አለሽ። ካለፈሽ ሰውዬው ኢቤይ ገብቶ እንዲፈርድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጅሽ ወጣ። «መመለስ አይቻልም» ብለሽ ማስታወቂያው ላይ ብትጽፊም እዚህ ላይ አያድንሽም። እሱ የሚሠራው ገዢው ሐሳቡን ሲቀይር ብቻ ነው።

ካርድ_በካርድ፦

ሳንቲም_ለቃሚ ባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን አይ።

ዕቃው ርካሽ ከሆነ እኔ ጊዜዬን አላቃጥልም። ሙሉውን እመልስለታለሁ፣ ዕቃውንም ያስቀረው፣ ከዚያ ብሎክ። የመመለሻው የፖስታ ዋጋ ከዕቃው ከበለጠ ክርክሩ ምን ይጠቅመኛል? ግማሽ ግን በጭራሽ አልሰጥም። ግማሽ የሰጠኸው ሰው ነገ ሌላ ሻጭ ላይ ያንኑ ይሞክራል፣ አንተም «ጥፋት ነበረብኝ» ብለህ የፈረምክ ያህል ነው።

ውድ ዕቃ ላይ ስንመጣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ የምፈራው ቅናሽ ጠያቂውን አይደለም፣ ቀያሪውን ነው። አንተ ጥሩውን ትልካለህ፣ እሱ ቤቱ ያለውን የተበላሸ መልሶ «አልተመቸኝም» ይልሃል። አንዴ የስፖርት ካርድ (ሰብሳቢዎች የሚገዙት፣ የስፖርተኛ ምስል ያለበት ካርድ) ሸጬ ተመለሰልኝ። የእኔ ካርድ የታችኛው ግራ ማዕዘን ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጭ መላጥ ነበረች፣ ሌሎቹ ሦስት ማዕዘኖች ስል ናቸው። የተመለሰው ካርድ ላይ ያቺ መላጥ የለችም፣ ግን አራቱም ማዕዘኖች ለስልሰው ክብ ሆነዋል። ሰው ማዕዘን ሊያበላሽ ይችላል፣ የተላጠ ወረቀት ግን መልሶ አይበቅልም። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ማዕዘኗን አጉልቼ፣ ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ላክሁ። ተፈረደልኝ።

ስለዚህ ቆንጆውን ጎን ብቻ ፎቶ አታንሱ። ጉድለቱን አንሱት። ጉድለት የዕቃው መታወቂያ ነው። የቴምብር_እመቤት፣ አንቺ ዘንድ ደግሞ ይሄ ይቀላል፣ የቴምብር ጠርዝ ላይ ካሉት ጥርሶች አንዱ አጭር ሌላው የተቀደደ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት ከሆነም የማኅተሙ አቀማመጥ ከቴምብር ቴምብር ይለያያል። በስካነር በደንብ አጉልተሽ ከያዝሽው ማንም በሌላ ሊቀይርብሽ አይችልም። ፒኤስኤ (ካርድ መርምሮ ደረጃ የሚሰጥና የሚያሽግ ድርጅት) ደረጃ የሰጠው ካርድ ከሆነ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ያለውን የምስክር ወረቀት ቁጥር ፎቶውም ላይ፣ ማስታወቂያውም ላይ አስገቡት። ገዢው ከማሸጊያው ያወጣውን ካርድ እንደማትቀበሉም ቀድማችሁ ጻፉ።

ጠገራ_ብር፦

ሁላችሁም ስለ ገዢው ታወራላችሁ። እኔ ስለ ሻጩ ቋንቋ ልናገር፣ ምክንያቱም «ቅጥ ያጣ» የምንለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መነሻው የማስታወቂያችን ጽሑፍ ነው። የቴምብሯን ባለቤት ማለቴ አይደለም፣ እሷ በትክክል ነው የጻፈችው።

የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ውሰዱ። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው፣ ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላ ከቪየናም ከሌሎች ከተሞችም ለብዙ ዘመን ያንኑ 1780 እየተቀረጸበት ተመትቷል። አሁን አንዱ ሻጭ «የ1780 ኦሪጅናል ብር» ብሎ ይጽፋል። ገዢው ገዝቶ አንድ የሚያውቅ ሰው ያሳያል፣ ሰውየው «ይሄማ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው» ይለዋል፣ ገዢው ገንዘቤን ይላል፣ ሻጩም «ሳንቲሙ ላይ 1780 ይላል አይደል?» ብሎ ይሟገታል። ማን ነው እዚህ ጥፋተኛው? «1780 የተጻፈበት፣ በኋላ ዘመን የተመታ፣ 28.07 ግራም፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር» ቢል ኖሮ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ክብደት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ቁጥሩ እየታየ ፎቶ አንሱት። አስመስሎ የተሠራ ብዙ ጊዜ ሚዛን ላይ ይጋለጣል።

ሌላው ጣጣ ደረጃ ነው። ሳንቲም ከ1 እስከ 70 ነው የሚመዘነው፣ ዊልያም ሼልደን በ1949 ካወጣው የመጣ ነው። በ64ና በ65 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን እምብዛም አይታይም፣ ዋጋው ላይ ግን አንዳንዴ ገደል ነው። እናም ደረጃ ያልወጣለትን ሳንቲም ትሸጣላችሁ፣ ገዢው ለደረጃ ሰጪ ድርጅት ይልከዋል፣ ካሰበው ዝቅ ያለ ወይም «ታጥቧል» የሚል ይመጣለታል፣ ከዚያ ልዩነቱን ክፈሉኝ ይላል። ይሄ ለእኔ ተቀባይነት የለውም፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ እኔ ራሴ ማስታወቂያው ላይ ደረጃ ካልጠራሁ። «65 ይሆናል» ብላችሁ የጻፋችሁ ግን ቃላችሁን ሸጣችኋል። ታጥቧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም ጻፉት። ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ ስታነሱ የማጽጃው ጭረት ይታያል፣ እሷን ፎቶ አትደብቁ።

ሕግ_አጥኚ_አይደለሁም፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ሐሳቤን ቀየርኩ» የሚል ገዢ ሁሉ ቅጥ ያጣ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ላለ ሸማች እንደ ነጋዴ ከሸጣችሁ፣ ዕቃው ከደረሰው በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ያለምንም ምክንያት ሊያፈርሰው መብት አለው። ኦንላይን ጨረታም ቢሆን። የጓዳ ስብስቡን እንደ ግለሰብ የሚሸጥ ሰው ላይ ይሄ አይሠራም። ነጋዴ ነኝ ወይስ ግለሰብ የሚለውን ግን በሐቅ መልሱት፣ በየሳምንቱ አዲስ ዕቃ እያወጣችሁ «ቤቴን እያጸዳሁ ነው» ማለት አያስኬድም። መብቱን የተጠቀመ ገዢ ዕቃውን ከማየት አልፎ ካበላሸው ደግሞ የቀነሰውን ዋጋ መቁረጥ ትችላላችሁ።

ክፍያ ላይም ተጠንቀቁ። በፔይፓል የከፈለ ሰው ቅሬታ ለማቅረብ እስከ 180 ቀን ሊኖረው ይችላል። የፔይፓል የሻጭ ጥበቃ ደግሞ «አልደረሰኝም» ለሚለው ነው እንጂ «እንደተገለጸው አይደለም» ለሚለው አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ገንዘብ የምትመልሱት በመጣበት መንገድ ብቻ ይሁን። «በዚያኛው አካውንት ላኪልኝ» ያለውን ሰምታችሁ ከላካችሁ፣ በባንክ ካርዱ በኩል ዋናውን ክፍያ አሰርዞ ሁለቴ ሊበላችሁ ይችላል። ሁለተኛውን ማስመለስ አበሳ ነው።

የቴምብር_እመቤት፦

ሁላችሁም ተባረኩ። ሳንቲም_ለቃሚ ያልከውን ቃል በቃል ላክሁለት። እኔ ድምፁ ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ፣ ሰውዬው «እሺ እመልሳለሁ፣ የመመለሻውን ፖስታ ግን አንቺ ክፈይ» አለኝና «እንደተገለጸው አይደለም» ብሎ ከፈተብኝ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ፖስታውን ልክፈል?

ካርድ_በካርድ፦

😂 ይሄኛው ደንዳና ነው።

ሳንቲም_ለቃሚ፦

ክፈይ። ያማል፣ አውቃለሁ። በዚያ ምክንያት የተከፈተ ከሆነ የመመለሻው ወጪ የሻጩ ነው፤ «አልከፍልም» ብለሽ ብትጣበቂ ቴምብሯንም ገንዘቡንም ልታጪ ትችያለሽ። የመከታተያ ቁጥር ያለው የፖስታ መላኪያ ወረቀት (ሌብል) አንቺው ግዢና ላኪለት፤ እሱ በመረጠው መንገድ ከላከ የት እንደደረሰ አታውቂም። ዛቻውንም ዛሬውኑ ሪፖርት አድርጊ፣ ጉዳዩ እስኪዘጋ አትጠብቂ።

ፖስታው ሲመጣ ለብቻሽ እንዳትከፍቺው። ስልክሽን አቁመሽ ቪዲዮ እየቀረጽሽ፣ መጀመሪያ አድራሻውን፣ ቀጥሎ የታሸገበትን ቦታ፣ ከዚያ ቴምብሯን አሳዪ። ወዲያው ከመጀመሪያው ስካን ጋር ጥርሶቿን በየተራ አስተያዪ፤ ጀርባዋንም። ሙጫውን አርሶ የወረቀቱን ምልክት ለማስለቀቅ ሞክሮ ሊሆን ይችላል፣ የረጠበ ሙጫ ደግሞ ወዙ ይለወጣል፣ ከጎን በኩል ብርሃን ስታበሪበት ይለይልሻል። እሷው ራሷ ከሆነች ገንዘቡን ያኔውኑ መልሺና ብሎክ አድርጊው። ካልሆነች ምንም ገንዘብ ሳትነኪ ቪዲዮውን ይዘሽ ኢቤይ እንዲገባ ጠይቂ።

የቴምብር_እመቤት፦

የላይኛው ቀኝ ጫፍ ላይ ሦስተኛው ጥርስ አጭር ነው፣ ስካኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መላኪያውን አሁን እገዛለሁ።