ቅርባችን ያለው ፓርክ ተዘጋ፤ ልጆቹን የት እንውሰድ?

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ወገኖች። እዚህ ከመጣን ገና 2 ዓመታችን ነው። ልጆቹ 6፣ 9 እና 13 ሆነዋል። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ስልክ ላይ ተደፍተው ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ሮለር ኮስተር ያለበት ቦታ እንውሰዳቸው ብለን ሜሪላንድ ያለውን ሲክስ ፍላግስ የሚባል የመዝናኛ ፓርክ ብንፈልግ ተዘግቷል ይላል። ዲዝኒ ያለበት ኦርላንዶ ሂዱ የሚሉን አሉ፤ ለ6 ሰው የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ ያስደነግጣል። ስድስተኛዋ እናቴ ናት፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች። እሷን ቤት ጥዬ መሄድ አንጀቴ አልቻለም። ደርሶ መልስ የሚሆን ቦታ የምታውቁ?

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እውነትም የለም። ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ በ2025 ኖቬምበር 2 በሩን ዘግቷል። እኔ እዚህ 17 ዓመት ኖሬ ያን ቦታ የረገጥኩት 2 ጊዜ ብቻ ነው። ከቤቴ ግማሽ ሰዓት ነበር። «ቅርብ አይደል፣ የት ይሄዳል» እያልን። ኦርላንዶ ግን ተበድረን ደርሰናል!

በነገራችን ላይ፣ ቦታው በ1974 ሲከፈት ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ የዱር እንስሳ የሚያይበት ግቢ ነበር። የስድስት ኪሎን አንበሳ ግቢ በመኪና ስትዞሩት አስቡት። ዋይልድ ዋን የሚባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር ደግሞ በ1917 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተሠራ ነው። በ1986 ነው ከዚያ አምጥተው እዚህ የተከሉት። ሲንቋቋ ቁልቁለት የሚወርድ አሮጌ አውቶቡስ ይመስል ነበር። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ «በስመ አብ» ሲል ከኋላችን የነበሩት ልጆች ዘፈን መስሏቸው አብረውት ይሉ ነበር።

ለእናንተ አሁን የሚሻለው ኪንግስ ዶሚኒየን ነው፣ ቨርጂኒያ፣ ዶስዌል። በ95 አውራ ጎዳና ወደ ሪችመንድ ስትወርዱ መውጫ 98 ላይ ታገኙታላችሁ። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከእናንተ ሰፈር አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ስትገቡ የፓሪሱን አይፍል ታወር ሲሶ የሚያህል ግንብ ከፊታችሁ ቆሞ ይቀበላችኋል። ለትንሹ ፕላኔት ስኑፒ የሚባል የልጆች ክፍል አለ። የውሃ መጫወቻውም በዚያው ትኬት ነው፤ የዋና ልብስ እንዳትረሱ። ትኬቱን ቀድማችሁ ኦንላይን ግዙ፣ በር ላይ ይወደዳል።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን የልጆቹን ቁመት ቤት ለኩ። ትልቁ ሮለር ኮስተር ፓንተሪያን 305 ጫማ ከፍታ አለው፣ በሰዓት እስከ 90 ማይል ይበራል፣ ከ54 ኢንች በታች የሆነን አያሳፍርም። ባለፈው ዓመት የኔዋ ልጅ አንድ ወር ሙሉ ስለሱ ስታወራ ከርማ፣ ጸጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ አስራ ሄደች። ተሰለፍን። መለኪያው ጋ ስትደርስ ጸጉሯ አለፈ። ሠራተኛዋ ሳቅ ብላ በመዳፏ ጸጉሩን ቀስ አድርጋ ጫን አለችው። ልጄም አብራ ዝቅ አለች። ግማሽ ኢንች ጎደላት። ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ ተይው። አባቷ ሊያጽናናት «ለከርሞ ሽሮሽን በደንብ ትበያለሽ» ቢላት ጭራሽ ባሰባት።

ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም። መኪናችሁ ጋ ትታችሁት ምሳ ሰዓት ላይ ውጡና ብሉ። ስትወጡ ተመልሰን እንገባለን በሏቸው። እኛ ፍርፍር በፎይል ጠቅልለን፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘን፣ የመኪናውን ኋላ ከፍተን ነው የምንበላው። ኦገስት ከሆነ ደግሞ ከ7 እስከ 21 ፍልሰታ ነው። እናትሽን ቀኑን ሙሉ በድንች ጥብስ እንዳትቀጫቸው።

የ13 ዓመቱን ከጓደኞቹ ጋር ጥሎ መመለስም አይታሰብ። 15 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ (በፈረንጅ 4 ፒኤም) ቢያንስ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሳይኖር አይገባም። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል በዋዜማው ድረ ገጻቸውን እዩት። ሌላው ቅዳሜን ሽሹ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን። 95 ላይ ባለው የሚያስከፍል ፈጣን መስመር (ኤክስፕረስ ሌን) ከገባችሁ ደግሞ 6 ስለሆናችሁ ምንም አትከፍሉም።

መልስ፣ ከአናንዴል

ሾፌር ስለሆንኩ የመንገዱን ላስተካክል። ኤክስፕረስ ሌኑ 3 ሰውና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ነጻ የሚሆነው ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የሚባለው የመንገድ መክፈያ መሣሪያ መኪናችሁ ላይ ካላችሁና ማብሪያውን ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የጫነ መኪና) ላይ ካደረጋችሁት ነው። ተራው ኢዚ ፓስ ካለ 6 ሆናችሁም ይቆርጥባችኋል። ሌላው፣ ያ መስመር እንደ ሰዓቱ አቅጣጫውን ይቀይራል። በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ዲሲ ነው የሚሄደው፣ ማታ ወደ ታች። እናንተ ማክሰኞ ጠዋት ስትወርዱ አይጠቅማችሁም፣ ማታ ስትመለሱም አይጠቅማችሁም። ደግነቱ በዚያ ሰዓት ትራፊኩም የሚበዛው በተቃራኒው ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ወደ ፍሬድሪክስበርግ አትውረዱ። ዓርብ ስንት ሰው እዚያ መንገድ ላይ ሲያረጅ አይቻለሁ።

መልስ፣ ከዲሲ

እናትየውን ፀሐይ ላይ ቦርሳ ጠባቂ ከምታደርጓቸው ሌላ ቀን ግሌን ኤኮ ፓርክ ውሰዷቸው። ሜሪላንድ ነው፣ ከእናንተ ግማሽ ሰዓት አካባቢ። መግቢያው ነጻ ነው። ድሮ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ነበር፣ በ1968 ተዘጋ፤ በ1921 የተሠራው ካሩሰል (የእንጨት እንስሳ ላይ ተቀምጠው የሚዞሩበት መጫወቻ) ግን ዛሬም በበጋው ይሽከረከራል። ፈረስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንበሳ አለው፣ ነብር፣ ቀጭኔ፣ ሰጎን፣ ጥንቸል።

ለልጆቹ ይህንን ንገሯቸው። ያ ፓርክ ጥቁር አያስገባም ነበር። በ1960 ጁን 30 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገብተው ካሩሰሉ ላይ ተቀመጡ። 5ቱ ታሰሩ። ሰልፉ በጋውን ሙሉ ቀጠለ፣ የሰፈሩ ነጮችም ተቀላቀሉ። በ1961 ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። ሃዋርድ ማለት ከዩ ስትሪት ምግብ ቤቶቻችን በእግር የሚደረስ ነው። እኔ ስንት ዓመት አጠገቡ ክትፎ ስበላ ይህንን አላውቅም ነበር።

ጠያቂዋ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ9 ዓመቷን ለካናት፣ 51 ኢንች ናት። ፓንተሪያን እንደማይሆን ከአሁኑ ነግረናት ተኳርፈናል። ኪንግስ ዶሚኒየን በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው።

ግሌን ኤኮ ግን ትናንት ሄድን። ትንሹ ልጅ ሮጦ አንበሳው ላይ ወጣ። እናቴን «ነይ ውጪ» ብንላት «እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» ብላ እምቢ አለች። በስንት ልመና ሠረገላው ላይ ተቀመጠች። ሙዚቃው ሲጀምር አማተበች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሲያቆም ሁላችንም ወረድን፣ እሷ አልወረደችም። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታ ዶላር አወጣችና «ለሁላችሁም ግዙ» አለች።