የነብራስካ የሲዝን ሰንጠረዥ፦ መውደቁ የጀመረው የቱ ጋ ነው?

አዲስ ተመልካች፦
ሰላም ቤተሰብ። ኮሌጅ ፉትቦል (የአሜሪካኑን ማለቴ ነው) ማየት ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፣ ልቤ ግን የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ላይ ቀርቷል። ሰሞኑን ውጤታቸውን ሲዝን በሲዝን ቁጭ ብዬ ሳየው ነበር፣ ከ1962 እስከ 2003 ድረስ እኮ 42 ሲዝን ሙሉ ሽንፈታቸው ከድላቸው የበለጠበት አንድም ዓመት የለም! ከዛ ድንገት 2004 ላይ 5-6 (5 ድል 6 ሽንፈት)፣ ከዛም ወረደ ወረደ እና 2021 ላይ 3-9። ምን ነካቸው? ሌላ ደግሞ ሁለት ያልገባኝ ነገር አለ፣ 1970 ላይ 11-0-1 ይላል፣ ሦስተኛው ቁጥር ምንድነው? 1997ንም ሻምፒዮን ይላቸዋል፣ ሚሺጋንን ሳይ ደግሞ እሱም የ1997 ሻምፒዮን ነው ይለኛል።

ቀዩ ማልያ፦
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ሦስተኛው ቁጥር አቻ ነው። በኮሌጅ ደረጃ ጭማሪ ሰዓት በሁሉም ጨዋታ የመጣው በ1996 ነው፣ ከዛ በፊት እኩል ከሆኑ እኩል ሆነው ይለያያሉ። 1970 ላይ ከዩኤስሲ (የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን) 21-21 ነው የወጡት። ሻምፒዮኑ ደግሞ ያኔ በድምፅ ነበር የሚመረጠው፣ ጋዜጠኞች ለብቻ አሰልጣኞች ለብቻ፣ በ1997 ጋዜጠኞቹ ሚሺጋንን መረጡ አሰልጣኞቹ ነብራስካን፣ ሁለቱም ሳይሸነፉ ነው የጨረሱት እርስ በርስም አልተጋጠሙም። በቃ ሁለቱም ሻምፒዮን ሆኑ።

ግን ሰንጠረዡ የማይነግርህን አንድ ነገር ልንገርህ፣ 1983 ላይ 12-1 የሚለውን አየኸው? ያቺ 1 ሽንፈት የኦሬንጅ ቦውሏ (በሲዝን መጨረሻ የሚደረግ ትልቅ ጨዋታ) ናት፣ ከማያሚ ጋር። 48 ሰከንድ ሲቀር ተችዳውን (6 ነጥብ የሚያስገኝ ግብ) አግብተው 31-30 ደረሱ፣ ኳሷን በእግር መትተው 1 ነጥብ ቢጨምሩ አቻ ነው፣ ያለ ሽንፈት ይጨርሳሉ፣ ዋንጫውም እጃቸው የገባ ያህል ነበር። አሰልጣኙ ቶም ኦስቦርን ግን እምቢ አለ፣ ለማሸነፍ ነው የመጣነው ብሎ ኳሷን በእግር ከመምታት ይልቅ በጨዋታ አስገብቶ 2 ነጥብ ለማግኘት ሄደ፣ ኳስ አከፋፋዩ ተርነር ጊል የወረወራት ኳስ በተከላካይ እጅ ተነካችና አመለጠች። እኔ እስካሁን ሳስባት ያመኛል፣ ግን ደግሞ እንደዛ በመወሰኑ ነው ሰውየውን የምወደው። ዋንጫው እስኪመጣለት 11 ዓመት ጠበቀ፣ 1993 ላይ ራሱ በፍሎሪዳ ስቴት 18-16 ተሸንፎ የመጨረሻዋ ምት ወደ ውጭ ወጣችበት። ከዛ 1994፣ 1995 እና 1997 አነሳ። ከ1993 እስከ 1997 60 አሸንፎ 3 ብቻ ነው የተሸነፈው።

ባለ ሰንጠረዡ፦
መውደቁ የጀመረው 2003 ነው፣ ለኔ ክርክር የለውም። ከኦስቦርን በኋላ አሰልጣኝ የሆነው ፍራንክ ሶሊች 9-3 ይዞ ነው የተባረረው። 9-3! በ6 ዓመት 58 አሸንፎ 19 የተሸነፈ ሰው። 2001 ላይ እኮ ተጫዋቹ ኤሪክ ክራውች ሃይዝማንን (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ወስዶ ለዋንጫ ማያሚን የገጠሙት በሶሊች ጊዜ ነው። እሱ በተባረረ በማግስቱ ዓመት 5-6። ቆይቶ አሰልጣኝ ቦ ፔሊኒ መጣ፣ በ7 ሲዝን ቡድኑ ሁሉንም ዓመት 9 ወይ 10 አሸነፈ፣ ሁሉንም ዓመት 4 ተሸነፈ (የመጨረሻው ዓመት አራተኛ ሽንፈት የመጣው ግን እሱ ከተባረረ በኋላ ነው)፣ ገርሞኝ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፣ እሱም ተባረረ። 9 ድል ያንሰናል እያሉ ሰው ሲያባርሩ ቆይተው አሁን 7 ድል ሲመጣ ሰው በደስታ ይዘላል።

ከሊንከን፦
ወንድም ባለ ሰንጠረዡ፣ ስለ ሶሊች ያልከው ልክ ነው ግን ሥሩ እሱ አይመስለኝም። ነብራስካ ሕዝቡ ትንሽ ነው፣ ተጫዋች ከሌላ ስቴት ማምጣት ግዴታ ነው። ታዲያ እንዴት አሸነፉ ካልከኝ፣ ሌላው ያልሠራውን ቀድመው ስለሠሩ ነው። ክብደት ማንሳትን በ1969 የጉልበት አሰልጣኙን ቦይድ ኤፕሊን ቀጥረው በሥርዓት ጀመሩ፣ ያኔ ብዙ አሰልጣኝ ክብደት ተጫዋቹን ያዘገየዋል ብሎ ነው የሚያስበው። ስኮላርሺፕ የሌላቸውን የገጠር ልጆች እየተቀበሉ ሦስት አራት ዓመት አብስለው የፊት መስመር ላይ (ከተጋጣሚ ጋር የሚገፋፉበት ቦታ) ያቆሟቸዋል። በኋላ ሁሉም ጂም ሠራ፣ ሁሉም ጨዋታ በቲቪ መታየት ጀመረ፣ ብልጫው አለቀ። በዛ ላይ በ2011 የቴክሳስ ቡድን ወደሌለበት ቢግ ቴን ወደሚባለው ሊግ ሲገቡ ቴክሳስ ሄደው መጫወት ቀረ፣ የቴክሳስ ልጅ ደግሞ እናቱ ልታየው የማትችልበት ቦታ ለምን ይመጣል?

2021ን ግን 3-9 ብለህ አትለፈው። 9ኙም ሽንፈት በ9 ነጥብ ወይም ከዛ ባነሰ ነው፣ ኦሃዮ ስቴት 9፣ ሚሺጋን 3፣ ሚሺጋን ስቴት 3... ኖርዝዌስተርንን ደግሞ 56-7 ነው የደበደቡት። ስታዲየሙም ከ1962 ጀምሮ ትኬቱ አልቆ ነው የሚጫወቱት፣ በዛ ሁሉ የሽንፈት ዓመት ሰዉ አልቀረም።

አዲስ ተመልካች፦
ወይኔ፣ ይሄን ሁሉ ከቁጥሩ እንዴት ላውቀው እችል ነበር። ኑሩልኝ። 2021ን ጨዋታ በጨዋታ ልመለስበት ነው፣ ዛሬ ማታ ግን የማያሚዋን ጨዋታ ሙሉውን ፈልጌ አያታለሁ፣ ውጤቱን ባውቀውም።

ቀዩ ማልያ፦
ከአራተኛው ኳርተር እንዳትጀምር፣ ከመጀመሪያው እያት። ማያሚ 17-0 እየመራ ነው የተነሱት።