ጽሑፌ 34 በመቶ «ተመሳሳይነት» አለው ተብሎ ተመለሰ፤ እስከ ነገ ማታ ምን ላድርግ?

አሞራ ገደል፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አስቸኳይ ነው። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ገቢ የጻፍኩትን ጽሑፍ ጆርናሉ በኮምፒውተር ፕሮግራም ከሌሎች ጽሑፎች ጋር አመሳክሮ «ተመሳሳይነቱ 34 በመቶ ስለሆነ ከ20 በታች አድርገው ይላኩ» ብሎ መልሶታል፤ የጊዜ ገደቡ ነገ ማታ ያበቃል። ከማንም አልገለበጥኩም። ዐረፍተ ነገር እየቀያየረ ቁጥሩን የሚያወርድ ፕሮግራም የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

ታቦር ተራራ፦ ወንድሜ፣ ምንጭ ሳይጠቅሱ የሌላውን ሐሳብ በራስ ቃል መጻፍም ስርቆት መሆኑን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከተመረቅን በኋላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳቡን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ቢሆንም፣ የጆርናሎች ሥነ ምግባር ከሕጉ ይሰፋልና «ሕግ አልጣስኩም» ማለት ብቻውን አያድንም።

ቆሮሶ ጥብስ፦ ከ34 ወደ 20 መውረድ ምን አላት? የቤት ኪራይ ቢሆን ነበር የሚያስቸግረው።

ገብርኤል ሰፈር፦ ሪፖርቱ ሲወጣ የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝርና በትእምርተ ጥቅስ የተቀመጡ ጥቅሶች ከቆጠራው እንዲወጡ ተደርጎ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልወጡ ቁጥሩ ያለ አግባብ ያብጣል።

መምህር ከአቶቴ፦ እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ቱርኒቲንም ሆነ አይቴንቲኬት የተባሉት የተመሳሳይነት መለኪያ ፕሮግራሞች የሚቆጥሩት የተገጣጠሙ ቃላትን እንጂ ስርቆትን አይደለም። ሙሉ ምዕራፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተርጉሞ ስሙን የጻፈበት ሰው ዜሮ በመቶ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ «ዓለም»ን «አለም» ብሎ የጻፈም ፊደል በፊደል ከሚያመሳስል ማሽን ሊያመልጥ ይችላል። ዐረፍተ ነገር ቀያያሪ ፕሮግራሙንማ ይተዉት። በእንዲህ ያለ ፕሮግራም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ «ሐሰተኛ ንቃተ ህሊና» ወደሚል ትርጉም የቀየሩ ጽሑፎች ታትመው መገኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች አጋልጠዋል።

የመጻሕፍት ቤት ሰው፦ ቁጥሩን ነግረውናል፣ ምንጮቹን ግን አልነገሩንም። ከሪፖርቱ ጎን በየቀለሙ ተዘርዝረዋል፤ ትልቁ ስንት በመቶ ነው? ከየት ነው?

አሞራ ገደል፦ ትልቁ 19 በመቶ ሲሆን የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ይላል። የተቀረው ቁርጥራጭ ነው፤ «ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በ275 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትገኛለች» የሚለውና የናሙናው ብዛት የተወሰነበት የያማኔ የ1967 (እ.ኤ.አ.) ቀመር ማብራሪያ በቀይ ተሰምረዋል።

የመጻሕፍት ቤት ሰው፦ ያ ድረ ገጽ የራስዎ የማስተርስ ጽሑፍ የተጫነበት ሳይሆን አይቀርም፤ ሊንኩን ከፍተው ርዕሱን ይዩ። ከሆነ አይደብቁት። ጽሑፉ ከመመረቂያ ሥራዎ የተወሰደ መሆኑን በግርጌ ይግለጹ፣ መመረቂያውን በዋቢነት ይጥቀሱ፣ ለአርታኢውም ዛሬውኑ ይጻፉለት፤ ከመመረቂያ ሥራ የወጣን ጽሑፍ ብዙ ጆርናሎች በግልጽ እስከተነገራቸው ድረስ ይቀበላሉ። ኮፕ የተባለው የኅትመት ሥነ ምግባር ተቋምም ለአርታኢዎች ባወጣው መመሪያ የራስን ጽሑፍ ደግሞ መጠቀም እንደየሁኔታው እንዲመዘን ይመክራል፤ በአሠራር ዘዴው ክፍል ያለ ድግግሞሽ በውጤቱና በትንተናው ክፍል እንዳለው ከባድ ተደርጎ አይታይም። የአካባቢው ገለጻ የሁላችንም መመረቂያ ላይ ያለ ስለሆነ ርቀቱን ትተው ጀልባዎቹ የሚያርፉበትን ዳርቻና መረጃውን የሰበሰቡበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው እሱ ነው። ቀመሩንም ከነምንጩ በአንድ መስመር ያስቀምጡና ማብራሪያውን ይሰርዙት። አማካሪዎ ስማቸው ካለበት ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ይዩት።

አሞራ ገደል፦ የእኔው ነው! ግን ከራሴ መስረቅ እንዴት ይቻላል?

መምህር ከአቶቴ፦ ክርክሩ እሱ ላይ ነው። አንባቢው አዲስ ሥራ ነው ብሎ ሲያነብ የቆየ ሆኖ ካገኘው ተታልሏል፤ ስለዚህ ነው ግለጹ የሚባለው።

ቆሮሶ ጥብስ፦ አማካሪው ስልክ ካነሱ ነዋ!

ሚሊኒየም ፓርክ፦ ሁሉንም አላነበብኩም፤ ዋቢ ጽሑፎቹን ከቆጠራው ያስወጧቸው፣ ይወርዳል።