«ሜሞሪ ሊክ»፦ ፍሳሽ፣ ብድር ወይስ ውሰት?

ባሕር ዳር፦ ለዴስክቶፕ ሶፍትዌር ስህተቶች የአማርኛ ስም ስንፈልግ «ሜሞሪ ሊክ» (ቃል በቃል የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ ማፍሰስ) ላይ ቆምን። «ፍሳሽ» ቢባል የቦይ ቆሻሻ ይመስላል። «ማፍሰስ» ይሻላል?

ደብረ ማርቆስ፦ እሱም አይሆንም። እንስራ ሲያፈስ ውሃው ወጥቶ ይሄዳል። ሊክ ላይ ሜሞሪው የትም አልሄደም፤ ፕሮግራሙ ወስዶ አልመለሰም እንጂ። ሲዘጋ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁሉንም ይረከበዋል። ጉዳቱ የሚታየው ከጧት እስከ ማታ ተከፍቶ በሚውል ሶፍትዌር ላይ ነው። «ያልተመለሰ ውሰት» ቢባልስ?

ፍኖተ ሰላም፦ «ብድር» ምን አነሰው?

ደብረ ማርቆስ፦ ጤፍ ይበደሩታል፣ ሞፈር ይዋሱታል። የተበደሩትን ጤፍ በልተው ሌላ ጤፍ ይከፍላሉ፤ ሞፈሩ ግን ራሱ ነው የሚመለሰው። ማሎክ (በሲ ቋንቋ ሜሞሪ የሚያውሰው ትእዛዝ) የሰጠው አድራሻም ራሱ ወደ ፍሪ (ሜሞሪ ወደሚመልሰው ትእዛዝ) ይመለሳል፤ አንድ ባይት አራምደው ቢሰጡት ስህተት ነው። ቫልግሪንድ የተባለው የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ ደግሞ ውሰቱን ይለይልዎታል፦ ፖይንተሩ (የሜሞሪውን አድራሻ የያዘው) ጨርሶ የጠፋበት፣ እና ፖይንተሩ እስከ መጨረሻው የነበረ ግን ያልተመለሰ። መጀመሪያ የጠፋበትን ያርሙ።

ፍኖተ ሰላም፦ ከመለሱ በኋላ መጠቀምስ? «ተንጠልጣይ ፖይንተር» የሚለው ለእኔ ምንም አይነግረኝም።

ባሕር ዳር፦ «የለቀቁት ቤት ቁልፍ»። ቤቱ ለሌላ ተከራይ ተሰጥቶ ይሆናል፣ ቁልፉ ግን ይከፍታል። ፕሮግራሙ እዚያው ላይወድቅ ይችላል፤ የሌላውን ዕቃ አበላሽቶ ቆይቶ፣ ሌላ ቦታ ይወድቃል። ስለዚህ የወደቀበትን መስመር ብቻ ማየት ያሳስታል። አድሬስ ሳኒታይዘር በተባለው ሌላ ስህተት ፈላጊ፣ ከነዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) መረጃው ኮምፓይል ሲያደርጉት ሦስቱንም ያሳያል፦ የት እንደተወሰደ፣ የት እንደተመለሰ፣ የት እንደተነካ። ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ቫልግሪንድ ከዚያ በብዙ ይዘገያል። ሁለቱን በአንድ ላይ አያስኬዱ። ፖይንተሩን ባዶ ማድረግም ሙሉ መድኃኒት አይደለም፤ ሌላ ቅጂ ካለ ያ ቁልፍ አሁንም በኪስ ነው።

ፍኖተ ሰላም፦ ከተመደበው አልፎ መጻፍ እንግዲህ «ድንበር መግፋት» ነዋ!

ደብረ ማርቆስ፦ ቃሉ ጥሩ ነው፣ ግን ድንበር ገፊ አውቆ ነው የሚገፋው። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የቆጠራ ስህተት ነው፤ «ወሰን ማለፍ» ይበቃል። በተለይ በእኛ ፊደል፦ ፊደልን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ጎጃም» 9 ባይት ነው፣ የጽሑፉን መጨረሻ ከሚያመለክተው መዝጊያ ዜሮ ጋር 10። 3 ፊደል ቆጥሮ ከዜሮው ጋር 4 ባይት የመደበ ሰው 6 ባይት የጎረቤት መሬት አርሷል።