የዓረብ አገር ጉዞ ድጋሚ ይታገድ? የድሬ ልጆች ክርክር

ከዚራ፦ ሰላም ጀማው። ትናንት አንዱ እዚህ «መንግሥት የዓረብ አገር ጉዞን ድጋሚ ያግደው፣ እህቶቻችን አለቁ» ብሎ ነበር። እኔ ደግፌዋለሁ። ኮንትራት የሄደች ልጅ ቪዛዋ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ከፋላ የሚሉት ይህንን ነው። ፓስፖርቷን ማዳሟ ትቆልፍበታለች። ደሞዝ ተከልክላ ከቤቱ ብትወጣ «ጠፋች» ተብላ የምትታሰረው እሷው ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ይላካል?

ገንደ ቆሬ፦ አቦ፣ ታግዶ አይተነው የለም እንዴ! እ.ኤ.አ. በ2013 ታገደ፣ እስከ 2018 ቆየ። ማን ቀረ? በአውሮፕላን ትሄድ የነበረችው በእግሯ ሆነች። በጅቡቲዋ ኦቦክ ወይ በሶማሊያዋ ቦሳሶ ወደብ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ጦርነት ውስጥ ያለች የመን። ያተረፈው ደላላው ብቻ ነው።

ከዚራ፦ ቆይ እንጂ። እገዳው በወጣ ሰሞን ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው መለሰች። እነሱ የሄዱት በእገዳው ጊዜ ነው? መንገዱ ክፍት ሆኖ ነው የሄዱት።

ገንደ ቆሬ፦ የተባረሩት ወረቀት ስላልነበራቸው ነዋ! ወረቀት የሚያሳጣ ነገር አትጨምርብን ነው የምልህ።

መጋላ፦ እናንተ ልጆች፣ ድሬን ማን የሠራት ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመኑም ተከትሎት መጣ። የመኑ እዚሁ ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ። ዛሬ ተራው የኛ ሆኖ ወደዚያ ሄድን። ባሕረ ሰላጤው ያለ ሰው ጉልበት አይንቀሳቀስም፤ ኤምሬትስና ኳታር ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የውጭ ሰው ነው። ግን የኛዋ ልጅ ሃያ ዓመት ብታገለግልም አገሬ ልትለው አትችልም። ውሉ ሲያልቅ በሻንጣዋ ትመለሳለች። ጉልበቷን ይፈልጋሉ፣ እርጅናዋን ግን ለኛ።

ሳቢያን፦ እህቴ ጂዳ ናት፣ ስለዚህ ልናገር። የእማዬ መድኃኒት በሷ ነው፣ የቤት ኪራዩም በሷ ነው። ወላሂ እሷ ባትኖር አልቆልን ነበር። ግን ወንድሜን ሥራ ፈልግ ስትሉት «ቅዳሜ ትልካለች» ይላል። ከሰዓት ጫቱን ታቅፎ በርጫ ነው። ቤት ስንፈልግ ደግሞ አከራይዋ መጀመሪያ የጠየቀችን «ውጭ ሰው አላችሁ?» ብላ ነው። የሚልክለት የሌለው ጎረቤት በዚያ ዋጋ የት ይግባ? አገር ተጠቀመች የሚሉትንም ተዉት። እስከ ሐምሌ 2016 ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ግድም ሲገዛ ጥቁር ገበያው ላይ ከመቶ በላይ ነበር። ማን ሞኝ በባንክ ይልክ ነበር? ከባንክ ውጭ በነጋዴ እጅ፣ በሐዋላ፣ ብሩ እኛ ቤት ይገባ ነበር፣ ዶላሩ እዚያው ይቀር ነበር።

ከዚራ፦ እኔን እየደገፍሽ ነው እኮ።

ሳቢያን፦ አልደገፍኩህም! እሷ ትመለስ ብትል የእማዬን መድኃኒት አንተ ነህ የምትገዛው? ይልቅ ውሉን የሚያስከብርላት ሰው ይኑራት። ደሞዟ ሁለት ወር ሲዘገይ የምትደውልለት፣ ስልኩን የሚያነሳ።

ገንደ ቆሬ፦ በሕጋዊ መንገድ ከሄደች ቢያንስ የላካት ኤጀንሲ ይጠየቃል።

ከዚራ፦ ይጠየቃል? ወረቀቱ ላይ ነው። ሲጠየቅ ያየ ካለ እስቲ ይጻፍ።